204 መጣ

ፈተና መልሼ ስወጣ በር ላይ የሚጠብቁኝ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ነጥብ ነው። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ራይት ነበር እኮ።» «ቲቸር፣ ድምሩን አንዴ ይዩልኝ።» «ቲቸር፣ ግማሽ ማርክ ብቻ።» ባለፈው ወር የ9ኛ ክፍል የሒሳብ ሚድ መልሼ ስወጣም ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ከበቡኝ። ከነሱ ኋላ፣ መስኮት ጋ የምትቀመጠው ልጅ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ሁሉም ተስተናግደው ሲሄዱ ቀረበችና ዘረጋችልኝ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ የኔ ትልቅ ቀይ ኤክስ አለ፤ አጠገቡ ዜሮ።

«ቲቸር፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ፦ የአንድ አራት ማዕዘን ቦታ ርዝመት ከወርዱ በ5 ሜትር ይበልጣል፤ የቦታው ስፋት 84 ሜትር ካሬ ቢሆን ርዝመቱና ወርዱ ስንት ስንት ነው? ከ5 ነጥብ የሚታረም።

ልጅቱ ወርዱን ኤክስ፣ ርዝመቱን ኤክስ ሲደመር 5 ብላ ሰይማ፣ ሁለቱን አባዝታ ከ84 ጋር አስተካክላለች። ቅንፉን ፈትታ «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 5 ኤክስ ሲቀነስ 84 እኩል ይሆናል ዜሮ» ድረስ አድርሳዋለች። እስከዚህ እንከን የለውም። ፋክተር ስታደርገው 12ንና 7ን አግኝታለች፤ ምልክታቸውን ግን አቀያየረች። 12 የመቀነስ፣ 7 የመደመር ምልክት ያዙ። ስለዚህ ወርዱ 12፣ ርዝመቱ 17 ሆኖ ወጣላት። ትክክለኛው ወርዱ 7፣ ርዝመቱ 12 ነው።

ሳርም ያየሁት የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነበር። 12 እና 17። ኤክስ። ቀጣይ ወረቀት።

ያላየሁት ከሱ በታች፣ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ በአማርኛ የተጻፈውን ነው። «12ን በ17 ሳባዛ 204 መጣ። 84 መሆን ነበረበት። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ፤ ደወሉ ተደወለ።»

እዚያው በር ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሒሳቡን በእንግሊዝኛ ሠርታ ጭንቀቷን በአማርኛ ጻፈችልኝ። 19 ዓመት ሙሉ ክፍል በገባሁ ቁጥር «መልሳችሁን መልሳችሁ አረጋግጡ» ስል ኖሬአለሁ፤ የሚያረጋግጥ ግን ስንት አለ? ይቺ ልጅ አረጋገጠች። አለመግጠሙን አየች። ያልገጠመውን እንደገጠመ አድርጋ አላለፈችውም፤ እውነቱን ጽፋ ሰጠችኝ። እኔም ባዶውን ትቶት ለወጣው ልጅ የሰጠሁትን ዜሮ ለሷም ሰጠኋት። የሚያሳፍረው ደግሞ ሌላ ነው። አንድም መስመር ሳይሠሩ «7 እና 12» ብቻ ጽፈው ያስረከቡ ልጆች ነበሩ፤ ከየት እንዳመጡት ባላውቅም ለነሱ 5 ከ5 ሰጥቼ ነበር።

ምልክቱን አሳየኋት። ጣቷን አስከትላ አነበበችው፤ «ውይ፣ ሲደመር 5 ነበር እኮ!» አለች፤ ፊቷ በራ። አመስግናኝ ወረቀቷን አጣጥፋ ልትሄድ ዞረች። የመጣችበትን አግኝታ ጨርሳለች፤ ነጥቡ ትዝም አላላት። «ቆዪ፣ ወረቀቱን ተይልኝ» አልኳት።

የዚያን ቀን ማታ የአራቱን ክፍል ወረቀት ሰብስቤ ሰባተኛውን ጥያቄ ብቻ እንደገና አየሁት። 216 ወረቀት ነው። እቤቴ ከሰባ ደረጃ ብዙም አይርቅም፤ መንገዱ ጸጥ እስኪል ድረስ መስኮት ሥር ተቀምጬ ነበር። ለጥያቄው 5 ነጥብ ስሰጥ እያንዳንዷ ነጥብ የምን እንደሆነች ወስኜ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩት፦ ቃሉን ወደ እኩልታ ለቀየረ 2፣ ፋክተር ላደረገ 1፣ ነጌቲቩን መልስ ለምን እንደጣለ ለገባው 1፣ መልሱን መልሶ ላረጋገጠ 1። በዚህ ስለካት የመስኮቷ ልጅ 3 አላት። ምልክቱ አሳስቷት የፋክተሩን አጥታለች፤ ደግሞ የጣለችው ነጌቲቭ 7ን ነው፤ የጣለችበት ምክንያት ግን ትክክል ነው። ማረጋገጫውን ማንም አይወስድባትም። 3 እና 1 ስደምር 4 ሆነላት።

እንደዚያ ሳያቸው ወረቀቶቹ ሌላ ወረቀት መሰሉኝ። አንዱ ልጅ «ይበልጣል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «እጥፍ ነው» ብሎ ተረድቶታል። ርዝመቱን 5 ኤክስ አደረገው። 5 ኤክስ ስኩዌር እኩል ይሆናል 84 ብሎ፣ ለ5 አካፍሎ፣ የ16.8 ስኩዌር ሩት ውስጥ ገብቶ፣ አራት ነጥብ ምናምን አውጥቶ፣ አንድም የስሌት ስህተት ሳይሠራ ገጹን ሙሉ ሄዶበታል። ዜሮ ሰጥቼው ነበር። ይህ ልጅ ሒሳብ አላቃተውም፤ አንዲት ቃል ነች የጣለችው። በፈተናው ሰዓት እጁን አውጥቶ ቃሉን ጠይቆኝ «በፈተና ሰዓት ጥያቄ የለም» ያልኩት እሱን ይሁን ሌላውን እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንዱን ግን እንደዚያ ብዬዋለሁ።

ሌላው ደግሞ እኩልታ የሚባል ነገር አልነካም። ትንሽ ሳጥን ሥሎ ከሥሯ በ5 የሚበላለጡ ቁጥሮችን ደርድሯል። 5 በ10፣ 50። 6 በ11፣ 66። 7 በ12፣ 84። ይኸው! ከሥሩ አስምሮበታል። ይሄን ምን ልበለው? ያስተማርኩት ዘዴ አይደለም፤ ግን አልኮረጀም፣ አልገመተም፤ ራሱ ፈልጎ ራሱ አገኘው። ብዙ ቆየሁበት። ሙሉውን 5 ትቼለት ጎኑ ላይ «ትክክል ነው። ስፋቱ 84 ሳይሆን 85 ቢሆንስ?» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ እስክሪብቶ ይዞ ሲሞክር አየሁት። 7 በ12፣ 84፤ 8 በ13፣ 104። 85 መሀል ገብቶ ጠፋበት። «ቲቸር፣ የለም» አለኝ። «አለ» አልኩት። ለምን ያን ሁሉ ፎርሙላ እንደምንማር ለዚያ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም ነበር።

«ፈተና አረምኩ» እንላለን። ገበሬም ጤፉን ያርማል። ማረም ማለት ቡቃያው እንዲያድግ የሚያንቀውን ማንሳት ነው። እኔ ግን ለዓመታት ሳርም የኖርኩ ይምሰለኝ እንጂ ኤክስና ራይት ስቆጥር ነው የኖርኩት።

ልጅ ሆኜ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬአለሁ። ስንጥር ይዘን፣ እያንዳንዷን ፊደል እየነካን «ሀ ሁ ሂ»። ማርክ የሚባል ነገር አልነበረም። አብረውኝ ከጀመሩት ግማሾቹ ከኔ ቀድመው አቡጊዳ ገቡ፤ እኔ ገና «ሀ ሁ» ላይ ነኝ። ማንም ግን «አንቺ 40 አምጥተሻል» አላለኝም። እስክችል እዚያው ነኝ፤ ስችል አልፋለሁ። የኔታ የት ጋ እንደምሳሳት ያውቃሉ፤ «ኀ»ን እና «ነ»ን ስለማምታታ ስንጥሬን ይዘው እሱ ላይ ያቆሙኛል። ያ ትምህርት የራሱ ክብደት ነበረው፤ ሁሉም መልካም ነበር አልልም። ግን እያንዳንዱ ልጅ የቱ ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበረ። እኔ ከ50 በላይ ልጅ ፊት ቆሜ ያንን አላውቅም።

ይሄን ሁሉ ስታፍ ሩም ውስጥ ሳወራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከኔ በፊት ማስተማር የጀመረ ጥሩ መምህር ነው፣ ሻዩን አስቀምጦ «እህቴ፣ ማዘንሽ ጥሩ ነው፤ ማትሪክ ላይ ግን ማን ያዝንላቸዋል?» አለኝ። ማሽኑ የጠቆረውን ክብ ብቻ ነው የሚያነበው። አሠራሩን አያይ፣ የእርሳስ ጽሑፍ አያነብ። «204 መጣ» ብላ ብትጽፍለት ምን ይሰማል?

መልስ አልነበረኝም። እንዲያውም እሱ ራሱ ከሚያውቀው በላይ የሚመሰክርለት አንድ ታሪክ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ለማንም በደንብ አልተናገርኩትም።

በ2012 ዓ.ም መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 10ኛ ክፍል የነበረ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ዓመቱን ሳይጨርስ እንደ ሌሎቹ ወደ 11ኛ ተዛወረ። በ2013 በፈረቃ ስንማር ሒሳቡ ባዶ እንደሆነ አየሁ። ግን ትሑት ልጅ ነው፤ ይመጣል፣ ይጽፋል፣ አያወራም። እናቱ ጉልት ይቸረችራሉ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት 43 አመጣ። እናቱ መጥተው እጄን ይዘው «ልጄ፣ እሱ ብቻ ነው ያለኝ» አሉኝ። 50 አደረግኩለት። በሁለተኛውም እንዲሁ። የሚቀጥለው ዓመት መምህሩ እኔ አልነበርኩም፤ ያው ግን አለፈ።

የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆነ። ጥር ላይ ውጤቱ ሲወጣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። ሰው ሁሉ ስለዚያ ቁጥር አወራ። እኔ ስለ አንድ ልጅ ነው የማስበው። አራት ኪሎ ሚያዝያ 27 አደባባይ አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። ሰላም ካለኝ በኋላ ዝም ብሎ ቆየና «ቲቸር፣ እኔ የምችል መስሎኝ ነበር እኮ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እንደ ልጅ ጥያቄ ነው ያለው። ካርዱ ላይ 50 የጻፍኩለት እኔ ነኝ። እንደማይችል ያወቅኩትም እኔ ነኝ። በመሀሉ እሱ ብቻ አላወቀም።

ስለዚህ «እዘኑላቸው» ብሎ መናገር ያስፈራኛል። ለዚያ ልጅ ያዘንኩለት ሐዘን 7 ነጥብ ነበር። ቁጭ ብዬ ወረቀቱን አንብቤለት፣ ከየት ጀምሮ እንደጠፋበት አግኝቼለት፣ ከ8ኛ ክፍል ክፍልፋይ ብጀምርለት ኖሮ ሐዘኔ ሥራ ይሆን ነበር። ነጥቡን መጻፍ ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለመስኮቷ ልጅ የሰጠኋት 4 ግን ስጦታ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ የነበረ የራሷ ነው፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። ሁለቱም «ነጥብ መጨመር» ስለሚባሉ ብቻ አንድ መስለው ሲቆጠሩ ይከፋኛል።

ለባልደረባዬ ይሄንኑ ነገርኩት። «ማሽኑ አያነብም፤ ልክ ነህ። ለዚያ ነው ከማሽኑ በፊት አንድ ሰው ማንበብ ያለበት» አልኩት። «ለ216 ሰው?» አለኝ። እዚህ ላይ አልተከራከርኩትም። እሱ ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ያስጠናል፤ ደመወዙ አይበቃውም። የኔም አይበቃም፤ ግን ልጆቼ አድገውልኛል፣ ማታ ጊዜ አለኝ። ለአንድ ወረቀት ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 216ቱ 11 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይሄን ሰዓት የሌለውን መምህር ርኅራኄ የለህም ማለት አልችልም።

እኔ የቻልኩትን ይዤ ነው። አሁን ፈተና ስመልስ ነጥብ ጮክ ብዬ አልጠራም፤ ወረቀቱን ገልብጬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣለሁ። የተሳሳቱትን ጥያቄ እስከ ዓርብ እንደገና ሠርቶ፣ ከሥሩ በራሱ ቋንቋ «የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም…» ብሎ ጽፎ ላመጣ ካጣው ግማሹን እመልስለታለሁ። በአማርኛ ይጻፍ፣ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ግድ የለኝም። መጀመሪያ ሰሞን ከአንዱ ተገልብጠው አሥራ አንድ አንድ ዓይነት «ምክንያቱም» ደረሱኝ፤ በስልክ ፎቶ አንስተው ያሠሩም ነበሩ። ስለዚህ ሲያስረክቡ አንዷን መስመር መርጬ «ይቺ ከየት መጣች?» እላለሁ። የሠራው ወዲያው ይነግርሃል። ያልሠራው ጫማውን ያያል፤ ነጥቡን አላገኘም፣ ግን «ነገ ና» እለዋለሁ። ብዙዎቹ ይመጣሉ።

ስለ ደወሉ የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። የመስኮቷን ልጅ «ጊዜው አልበቃሽም እንዴ?» ስላት ዘግይታ እንደገባች ነገረችኝ። ቤተሰቧ ዶሮ ማነቂያ ነበሩ። በ2016 መጋቢት አካባቢ የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ቤታቸውም ፈረሰ፤ አሁን ያሉት ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ድሮ እንቅልፏን ጨርሳ በእግሯ የምትመጣ ልጅ አሁን በሌሊት ተነስታ መገናኛ ድረስ አንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ሌላ ታክሲ ትይዛለች። እኛ ጋ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ያን ቀን ጥበቃው አዝኖላት አስገብቷት ነው እንጂ ጭራሽ አትፈተንም ነበር፤ 20 ደቂቃ ግን ሄዶባታል። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ አንዳንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብታ ታጠናለች፤ ደግሞ እንዳይመሽባት ቶሎ ትወጣለች። ከዚህ ክፍል ውስጥ ስንቱ ከሩቅ እንደሚመጣ እጅ አስወጥቼ ጠየቅኩ። ከጠበቅኩት በላይ እጅ ተነሣ። ቴስቶቼን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንስቼ ከእረፍት በኋላ አደረግኳቸው። የፕሮግራም ጉዳይ ስለሆነ ከሁለት መምህራን ጋር መለዋወጥ ነበረብኝ፤ አንደኛው ያ ባልደረባዬ ነው። ምንም አላለኝም፤ «የትኛውን ቀን?» ብቻ ነው ያለኝ።

ትላንት የሰጠሁት ቴስት አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የአንድ ክፍል፣ 54 ወረቀት። 31ኛው ላይ ቆሜአለሁ። ልጁ በእርሳስ ሠርቶ፣ በላጲስ አጥፍቶ፣ እንደገና ሠርቶ፣ እንደገና አጥፍቶ ወረቀቱ ተቀዷል። መሀሉ ቀዳዳ ነው። ከቀዳዳው በላይ ያለው እኩልታ ልክ ነው። ከቀዳዳው በታች ያለው መልስ ስህተት ነው። መብራት ላይ አድርጌ አየሁት፤ የተጫነበት ምልክት ከኋላው ወረቀት ላይ ትንሽ ይታያል፤ አንድ 6፣ አንድ ቅንፍ። ነጥቡን አልጻፍኩም። ነገ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አለኝ፤ እዚያ ውስጥ ምን ጽፎ እንደነበር እጠይቀዋለሁ።